በሐምሌ ዝናብ ምልክት አይሆንም

እስቲ ስልኩን አስቀምጪው። ከኋላሽ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ «እሺ» ብለሽ ጽፈሻል፣ ጣትሽ ግን አልልክም ብሏል። ጣትሽ ካንቺ ይሻላል።

ትናንት ማታ ምን አልሽኝ? «ነገ ጠዋት ከዘነበ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ላግባሽ ያለኝን ሰው እሺ እለዋለሁ።» የኔ እህት፣ ዛሬ እኮ ሐምሌ 27 ነው! አዲስ አበባ በሐምሌ መቼ ሳይዘንብ ይውላል? ምልክት የለመንሽ መስሎሽ መልሱን አስቀድመሽ ወስነሻል።

ጌዴዎንን እንዳትጠቅሺብኝ። አዎ፣ የበግ ፀጉር ዘርግቶ ምልክት ጠይቋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ፀጉሩ ብቻ እንዲረጥብ፣ አንዴ ምድሩ ብቻ። ግን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተነግሮት ነበር። ፈርቶ ነው እንጂ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አንቺን ስለዚህ ሰው ከራሱ በቀር ማን ነገረሽ?

እኔ የማትያስን ታሪክ እወደዋለሁ። በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተኩ ሐዋርያት ዕጣ እንደ ጣሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዕጣው በፊት ያለውን ግን እንዘለዋለን። ጴጥሮስ መጀመሪያ ሚዛን አወጣ፦ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን አብሮን የነበረ ይሁን አለ። በዚያ ሚዛን ሁለት ሰው አቆሙ፣ ዮሴፍንና ማትያስን። ከዚያ ጸለዩ። ዕጣው መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ሊያውቁት የሚችሉትን አውቀው ከጨረሱ በኋላ ነው የቀረውን ለእግዚአብሔር የተዉት። አንቺ ሁሉን ዘለሽ ዕጣው ላይ ደረስሽ። ሜሪላንድ እንደሚኖርና ድምፁ ደስ እንደሚል ታውቂያለሽ። በፊት አግብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሽው? «ቅር እንዳይለው» ብለሽ ተውሽው።

አትፈሪ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ዳዊት በዘፈቀደ ገልጬ፣ ዓይኔ ያረፈበትን መልስ ነው ብዬ ሥራ ለቀቅሁ። ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ዳዊቱ ምን በደለ! ንጉሡ ስለ ጠላቶቹ ያለቀሰውን የአለቃዬ ጉዳይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ፍልሰታ ይገባል። ሱባኤ ያዢ። ገዳም ግቢ አልልሽም፣ ሥራ አለሽ፤ ጠዋት ኪዳን አድርሰሽ ግቢ፣ ማታ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ። ስትጨርሺ ቶሎ አትነሺ፣ ጥቂት ዝም ብለሽ ተቀመጪ። አንድ ሰሞን «እሺ ብዬዋለሁ» ብለሽ ዋይ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ «እምቢ ብዬዋለሁ» ብለሽ። ልብሽ የቱ ላይ እንደረጋ በደብተርሽ ጻፊ። ካቶሊክ ነው ብለሽ አታኩርፊ እንጂ የሎዮላው ኢግናጢዮስ በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን ቆስሎ ሲተኛ ይህንኑ ነው ያስተዋለው፤ አንዳንዱ ሐሳብ ሲያስበው ደስ ያሰኘውና በኋላ ባዶ ያስቀረዋል፣ ሌላው ግን ካለፈም በኋላ ደስታው አብሮት ይቆያል። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ «እሺ» ያልሽ ቀን ነገሩን ከእማዬ መደበቅ ካማረሽ።

ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ግን «ይወስኑልኝ» ብለሽ ሸክሙን አትጣዪባቸው፤ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ይዘሽ ነይ፣ እሱ ይበቃል።

እሁድ መልስ ስጪኝ ያለው ነገር ደግሞ አልጣመኝም። ትዳር የሚፈልግ ሰው አንድ ጾም መጠበቅ ያቅተዋል?

በይ፣ «እሺ» የሚለውን አጥፊና ይህን ጻፊለት፦ «ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል፣ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ የእህትህን ስልክ ላክልኝ።» ላኪው። እያየሁሽ ነው።