ከቤት ሆኖ መሥራት በተመላላሽ ሠራተኞች ዘንድ

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር በቢሮ መገኘታቸው የግድ የማያስፈልግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። ቆየት ብሎም የሕዝብ ማመላለሻዎች ከመጫን አቅማቸው ከግማሽ በላይ እንዳይጭኑ ተደረገ። 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ 6 ሰው ብቻ ይዞ ሲነሣ ግን በመገናኛና በሜክሲኮ የሚጠብቀው ሰልፍ ይረዝም ነበር፤ በታክሲው ውስጥ የተገኘው ርቀት በሰልፉ ላይ ሊጠፋ ይችል ነበር።

ሰልፉን ለማሳጠር አንደኛው መንገድ ከቤቱ ሊሠራ የሚችለው ሰው ከሰልፉ መውጣቱ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ቢሮ መሄድን ይመርጡ ነበር። ምክንያቱ ቸልተኝነት ብቻ አልነበረም። ሥራ ማለት ከቤት ወጥቶ፣ ፈርሞ፣ በወንበር ላይ መታየት ሆኖ ኖሯል። (የጋራው መፈረሚያ እስክሪብቶ በአንድ ማለዳ ስንት እጅ እንደሚነካውም ልብ ሊባል ይገባል።) ቤት የዋለን ሰው ጎረቤት «ምነው፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ይለዋል፤ ቤተሰብም እንደ ዕረፍት ቀን ቆጥሮ ወደ ገበያ ይልከዋል። አለቃው ሰነፍ ነው እንዳይለው የሚሰጋም አለ። ይህ ሥጋት የሚቀንሰው የቅርብ ኃላፊው የሳምንቱን ሥራ ለይቶ ሲሰጥና የተፈረመውን ሰዓት ሳይሆን የተሠራውን ሥራ ሲቆጥር ነው።

በአንጻሩ ከአያት ወይም ከጀሞ ማልዶ ይነሣ የነበረ ሠራተኛ በመንገድ ያልፍ የነበረውን ጊዜ በማግኘቱ ሊደሰት ይችላል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች በዋሉበት ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ጉዳዩ ይከብድ ነበር። የሥራውን ሰዓት ለቤተሰብ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ኢንተርኔት የማይፈልገውን ጽሑፍ ለይቶ በዚያ ሰዓት መሥራት፣ የቀረውን በስልክ መጨረስ ይቻላል።

ነርሷ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው ይህ ምርጫ የላቸውም። እነርሱ በሰልፍ ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ፣ አፍና አፍንጫቸውን መሸፈን፣ የታክሲውን መስኮት ማስከፈት፣ ሲደርሱም እጃቸውን በሳሙና መታጠብ ይገባቸዋል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ግን ሥራው ምንም ይሁን ምን ታክሲ ሳይሳፈር በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደውል።