ውሻ ሲነክስ፦ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ለእናቶች የተሰጠ ትምህርት

እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁን ከብት ሲጠብቅ ውሾ ቢነክሰውና ቁስሉ ጥፍር የሚያህል ብቻ ቢሆን፣ «ይኼስ ይሽራል» ብላችሁ አትለፉት። ቁስሉማ በሳምንት ይሽር ይሆናል፤ በቁስሉ የገባው ነገር ግን መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ ነገር ቫይረስ ይባላል። በዓይን አይታይም፤ ተራ አጉሊ መነጽርም አያሳየውም። 5000 ያህሉ በተርታ ቢሰለፉ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት እምብዛም አያልፉም። ኤሌክትሮን በሚባለው ብርቱ መነጽር ሲያዩት መልኩ ጥይት ይመስላል። በውስጡ ራሱን የሚያባዛበትን ትእዛዝ ይዟል፤ በውጭ ደግሞ ስስ የስብ ልባስ ለብሷል። ይህን የስብ ልባስ ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቫይረስ ብቻውን አይራባም። የራሱ ምጣድ፣ የራሱ ዱቄት የለውም። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋስ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ፤ ወደ አንዱ ሰርጎ ይገባና በሰው ቤት፣ በሰው ዱቄት የራሱን እንጀራ ይጋግራል። የተባዙትም ወጥተው ወደ ሌላው ሕዋስ ይዛመታሉ። ያበደ ውሻ ሲነክስ ቫይረሱ ከምራቁ ጋር ወደ ሥጋ ይገባል፤ ከዚያ ነርቭ የሚባሉትን የስሜት ክሮች ይዞ ቀስ እያለ ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይወጣል። መንገዱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት ይሆናል። ፊት ወይም ራስ ከተነከሰ አንጎሉ ቅርብ ነውና ይፈጥናል።

አንጎል ከደረሰ በኋላ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ይባንናል፣ ውሃ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው እየተኮማተረ ያንቀዋል። እዚህ ከደረሰ የሚያድነው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያለን ጊዜ ከንክሻው እስከዚህ ድረስ ያለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስቡ ልባስ እንመለስ። የወጥ ድስት ቅባት በሳሙና ሲታጠብ እንደሚለቅ ታውቃላችሁ። ሳሙና የቫይረሱንም ልባስ እንዲሁ ያፈርሰዋል፤ ልባሱ ከፈረሰ ቫይረሱ ዋጋ የለውም። እንግዲያው ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ልጅ እያለቀሰ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አታቋርጡ። ሳሙና ከሌለ ውሃው ብቻ እንኳ ይጠቅማል። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅጠል ወይም እበት አታድርጉበት።

ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1885 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ነበር፤ ልጁም ዳነ። ክትባቱ ከዚያ ወዲህ እጅግ ተሻሽሏል። ሥራው ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ሰውነት እንዲቀድመው ማድረግ ነው። በአንድ ቀን ስለማያልቅ ቀጠሮውን አንዱንም አታጉድሉ። ቁስሉ ብርቱ ከሆነ ሐኪሙ ሌላ መርፌም ይጨምርበት ይሆናል።

«የእገሌ ልጅ የባለ መድኃኒቱን ሥር ጠጥቶ ድኗል» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። እውነቷን ይሆናል፣ ልጁ ደኅና ነው። ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ባበደ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። ሥሩ የተመሰገነው በዚህ ነው። ጠበል የሚሻም ይሂድ፤ ክትባቱን ግን በዚያ ምክንያት አይተው።

ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻን ይደብቃሉና ስለ ነገሩን አትገርፏቸው። ያበደ ውሻ ሁልጊዜ አይናከስም፤ አንዳንዱ ጨለማ ውስጥ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የራሳችሁን ውሻ በየጊዜው አስከትቡ።

የነከሰውን ውሻ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ አትግደሉት፤ 10 ቀን ይጠበቅ። 10 ቀን ሙሉ ደኅና ከሆነ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ያቆመው ይሆናል። ልጁ ግን ያንን ቀን ሳይጠብቅ መከተብ ይጀምር። ውሻው ቢሞት ወይም ቢጠፋ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት።