ሥዕል ማየትም እንደ ፊደል ይማሩታል

ወደ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሰው ወይም ዛፍ፣ ፈረስ ወይም ተራራ ካላገኘ ሁለተኛው ይከተላል፤ «እንዲህ ያለውንማ እኔም እሥለዋለሁ!» ይልና ወደ በሩ ያመራል። እኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ሠልጣኞች በአዲስ አበባ ዐውደ ርእዮችን ስንጎበኝ ይህን አነጋገር ደጋግመን ሰምተነዋል። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ማን አስተማረውና! የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥዕል ማየት በትምህርት የሚገኝ ችሎታ መሆኑን ማስረዳትና፣ ማስተማሩም የኛ የመምህራን ድርሻ ነው ብለን ለውይይት ማቅረብ ነው።

ሀ/ የቆየው ልማዳችን

ዕቃና ሰው የማይታይበት ረቂቅ ሥዕል ለኛ ባዕድ ነው የሚሉ አሉ። እስቲ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ልብ ብለን እንያቸው። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ኃጥአንና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ክፉ ሰው ሲፈጠር በአንድ ዓይን አይፈጠርም እኮ! ሠዓሊው የሣለው በዓይኑ ያየውን ሳይሆን ሊናገር የፈለገውን ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደሆነ ለይታ ታውቃለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እያሳዩ ስለነገሯት ነው።

መሶብንም እንውሰድ። በመሶብ ላይ በቀለም የተሰፋውን ጌጥ አይቶ «ይሄ የምን ሥዕል ነው?» የሚል የለም። ቀለሙ መስማማቱን፣ ስፌቱ መጥበቁን ያይና «እሰይ፣ እጇ ይባረክ» ይላል። ታዲያ ያው ዓይን ዐውደ ርእይ ሲገባ ስለምን ይጨነቃል?

ለ/ ከዚያ ወዲህ የመጡ ሠዓሊዎች

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ወዲህ ሥዕላችን ብዙ መንገድ ይዟል። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ይተርካል። ሰዎቹ በግልጽ ስለሚታዩ ተመልካቹ ታሪኩን ለመከተል ብዙ አይቸገርም።

በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1932-1981 እ.ኤ.አ.) ግን ቀለምና ቅርጽ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሥሉ የወሰዱት ጉዳይ አባቶቻችን ለዘመናት የሣሉትን ስቅለትን ነው፤ አዲስ የሆነው አነጋገሩ ነው። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ዛሬ በሳቸው ስም ይጠራል።

ለመምህር ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የወሰኔ ኮስሮፍ ሥራ ነው። ሆሄያችንን ይዘረጉታል፣ ያጥፉታል፣ ይገለብጡታል። ሊያነብ የመጣ ሰው ቃል ፍለጋ ይደክማል። ለማንበብ ስንማር ሆሄውን አልፈን ትርጉሙን ብቻ ማየት ለምደናል፤ እሳቸው ግን «ሀ» መጀመሪያ መስመር መሆኑን ያስታውሱናል። አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ፊደልን የሚያየው እንደዚሁ ነው፤ ለሱ ገበታው ሙሉ ሥዕል ነው።

ሐ/ ከተጣለ ዕቃ

ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ ኮምፒዩተሮች የወጡ ሽቦዎችን እየጎነጎኑ ሰፋፊ ሥዕሎችን ይሠራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ከከፍታ የታየ እርሻ ይመስላል፤ ሲጠጉ ሽቦ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱትና እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለንም» ለምንለው ለኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ቆርኪ፣ የቆሎ ከረጢት፣ ቀለም ያለው አፈር፣ ከሰል የሌለበት መንደር የት አለ?

መ/ በክፍል ውስጥ

ተማሪዎችን ዐውደ ርእይ ስንወስድ፣ ወይም አንድ ሥዕል ክፍል ውስጥ ስንሰቅል፣ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅመናል እንላለን።

1ኛ/ የሥዕሉ ስም ሳይነበብ ለሁለት ደቂቃ በዝምታ ማየት፤
2ኛ/ «ምንድን ነው?» በማለት ፈንታ «ምን ታያላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፤ ቀይ፣ ወፍራም መስመር፣ ባዶ ቦታ፣ ሁሉም መልስ ነው፤
3ኛ/ በምንና እንዴት እንደተሠራ መመርመር፤
4ኛ/ ከዚህ በኋላ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን አንብቦ እንደገና ማየት፤
5ኛ/ አስተያየትን ከነምክንያቱ መናገር።

በአምስተኛው ላይ «አልወደድሁትም» ማለት ይፈቀዳል፤ «ስለዚህና ስለዚያ» የሚል ይከተለው እንጂ። እኛም ያየነው ሁሉ ደስ አሰኝቶናል አንልም። ስሙ ትልቅ፣ ሥራው ግን የችኮላ የሆነ አጋጥሞናል። ሆኖም ይህን ለማለት የቻልነው ቆመን ስላየነው ነው።

ሠ/ ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

ብዙዎቻችን የምንመደበው ሙዚየም በሌለበት ቀበሌ ነው። እዚያ ያለው ብቸኛ ዐውደ ርእይ የልጆቹ ደብተር፣ ብቸኛው ጎብኚ መምህሩ ነው። አንድ ልጅ ላሙን በሰማያዊ ቀለም ቢሥልና መምህሩ «ሰማያዊ ላም የት አየህ?» ብሎ ክፍሉን ቢያስቅበት፣ ልጁ በማግሥቱ ከመጽሐፍ ላይ የተገለበጠ ቡናማ ላም ያመጣል። መምህሩ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ግን የራሱን ትቷል። ያው ልጅ ነገ አድጎ ከዐውደ ርእዩ በር የሚመለሰው ሰውዬ ነው። «ለምን ሰማያዊ አደረግሃት?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። የሥዕሉን ክፍለ ጊዜም ለሒሳብ ማካካሻ አለመስጠት፣ የልጆቹንም ሥራ በሲባጎ ላይ ሰቅሎ በየዓርቡ ማሳየት በጀት አያስፈልገውም።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ እናንተም የሥራ ጓዶቻችን፣ «መጀመሪያ ትክክለኛ ንድፍ ይማሩ፣ ነፃነቱ በኋላ ይደርሳል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ይህም ቀላል ክርክር አይደለም። መልሳችሁን በሚቀጥለው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ብታወጡልን ቆመን እናነባለን።