ባዶ የተባለ የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሚያደርሰው የፍንዳታ አደጋ

ከዘይት ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ከሞላው ዕቃ ይልቅ ባዶው አደገኛ መሆኑን ብዙ ነጋዴ አይገነዘበውም። ፈሳሹ ቤንዚን ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቅ ነው። የቤንዚን ተን ከመቶው ድብልቅ 1.4 እጅ ካልደረሰ እሳት አይዘውም፤ ከ7.6 እጅ ሲበልጥም አየር ስለሚያንሰው አይነድም። በሞላ በርሜል ውስጥ ለአየር የሚተርፍ ስፍራ ጥቂት ነው። ከተገለበጠ በኋላ ግን በግድግዳውና በስፌቱ ላይ የቀረው ቅሪት እየተነነ፥ አየርም እየገባ፥ ለፍንዳታ የተመቸውን መጠን ያገኛል። ይህም ተን ከአየር የከበደ ስለ ሆነ መሬት ለመሬት ተስቦ ራቅ ወዳለ እሳት ይደርሳል።

ግንቦት 28 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ ራሊ በተባለች ከተማ አጠገብ በዘይት ጕድጓድ መስክ ላይ የደረሰው አደጋ ነገሩን በግልጽ ያስረዳል። ለጕድጓዱ ባለቤት በኮንትራት የሚሠሩ አራት ሰዎች በተርታ በቆሙ ማጠራቀሚያዎች አናት ላይ ወጥተው ቧንቧ ይበይዱ ነበር። የሚበየደውን ማጠራቀሚያ አስቀድመው በውኃ አጥበውታል። ተን አለመቅረቱን ለማረጋገጥም በያጁ የተለኰሰ የብየዳ ነበልባል ወደ ውስጡ አስገባ! ተኑን በእሳት መመርመር ማለት፥ ተን ቢኖር ኖሮ መርማሪውን የሚገድል ምርመራ ነው። ያን ጊዜ ግን አልፈነዳም፤ ሥራው ቀጠለ። ሞት የመጣው ካልታጠበው ጎረቤት ማጠራቀሚያ ነበር። ከእርሱ የወጣው ቧንቧ አፉ ሳይዘጋ ቀርቶ ስለ ነበር፥ ብየዳው እንደ ተዠመረ የሚወጣው ተን ተያያዘ፤ እሳቱም ወደ ውስጥ ተመልሶ በመገናኛው ቧንቧ ወደ ሌላው ተሻገረና ፈነዳ። ሦስቱ ሠራተኞች ሞቱ። በያጁ በደኅንነት ቀበቶው ታስሮ ስለ ነበረ ከባድ ጉዳት ደርሶበት በሕይወት ተረፈ።

አደጋውን ያጠናው የአሜሪካ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ1982 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በማጠራቀሚያዎች አጠገብ በተደረገ ብየዳና በመሳሰለው ሥራ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የተን መለኪያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከሥራው በፊትና በሥራው ጊዜ ሁሉ፥ በሚበየደው ዕቃ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹም ዙሪያ ይነበባል። ከዕቃው ጋር የተያያዘ ቧንቧ ሁሉ ይለያል፤ አፉም ይደፈናል።

የፍንዳታ ጉዳት በቃጠሎ ብቻ አያበቃም። የአየሩ ግፊት የጆሮን ታምቡር ይበጥሳል፥ ሳንባንም ይጎዳል፤ የተወረወረ ብረት ይወጋል፤ ሰውም ከከፍታ ይወድቃል። ከዚህ ሁሉ የሚያታልለው የሳንባው ነው። በእግሩ ቆሞ የሚናገር ሰው ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና፥ ደኅና ነኝ ቢልም ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ልብስም አይላጥ።

ይህ ነገር ዘይት ለማይቆፍረው ነጋዴም ይጠቅመዋል። በየሱቁ ጓሮ የቤንዚን ወይም የቀለም ማቅጠኛ በርሜል ለሌላ አገልግሎት ይቈረጣል። በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ አይበቃም፤ በስፌቱ ውስጥ የተደበቀው ቅሪት የነበልባሉ ሙቀት ሲደርሰው እንደ ገና ይተንናል። ምን ይዞ እንደ ነበረ የማይታወቅ በርሜል ከቶ በእሳት አይቈረጥ። ባዶ በርሜል የሚሸጥ ነጋዴም ቀድሞ የያዘውን ነገር ለገዢው በጽሑፍ ቢገልጥለት መልካም ነው። በያጅ በኮንትራት የሚያሠራ ባለ መጋዘንም፥ ተኑን የሚለካው ማን እንደ ሆነ፥ የሥራ ፈቃዱንም የሚፈርመው ማን እንደ ሆነ በውሉ ላይ ያስፍር፤ የመለኪያውንም ኪራይ በዋጋው ውስጥ ያስገባ። ዋጋው ሳይታሰብ የቀረ መሣሪያ በሥራው ቀን አይገኝም።