ነገርን ከሥሩ፣ ብርን ከስቴትመንቱ

ለአሥር ደቂቃ ያህል ሀብታም ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንቴንና የስልክ ዋሌቴን መዝገብ አውርጄ የገንዘብ ዕቅድ በማወጣበት ሶፍትዌር ውስጥ አስገባሁ። “የወር ገቢ” በሚለው ቦታ የመጣው ቁጥር የደመወዜን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቡናዬን አስቀምጬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። ደስ ሲል! መስመር በመስመር ስወርድ ግን ምስጢሩ ተገለጠ። ከባንክ ወደ ዋሌት ያዛወርኩትን የገዛ ብሬን ሶፍትዌሩ በባንኩ በኩል “ወጪ”፣ በዋሌቱ በኩል ደግሞ “ገቢ” ብሎታል። ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ ያለፈው ብር ሁሉ ሲሳይ መስሎኝ ነበር።

ሀብቴ እንደ ጉም በነነ። እኔ ግን ያን ማታ ገንዘቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮቴውን ተከትዬ አየሁት።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ዕቅድ የምናወጣው ከምኞት ተነስተን ነው። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ደብተር እንገዛና “በወር 3,000 ብር እቆጥባለሁ” ብለን እንጽፋለን። ጥቅምት ሳይጋመስ ደብተሩ የልጆች መሳያ ይሆናል። ስንፍና አይደለም። “ለትራንስፖርት ስንት ታወጣለህ?” የሚለውን ጥያቄ በግምት ስለሞላነው ነው። አበው “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ። የብራችን ሥር ስቴትመንቱ ላይ ነው።

ደስ የሚለው፣ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። ስልካችሁን ክፈቱ። ቴሌብር ብር በላካችሁ ቁጥር በሚያደርሳችሁ መልእክት የአገልግሎት ክፍያውንና በክፍያው ላይ የታሰበውን 15 በመቶ ተ.እ.ታ. ሳይቀር ይነግራችኋል። ደመወዝ ሳትከፍሉት መዝገብ ሲይዝላችሁ የኖረ ጸሐፊ አላችሁ ማለት ነው።

እንግዲያው በአንድ ወር ጀምሩ። ዓመቱን በሙሉ ልጨርስ ያለ ሰው መሐል ላይ ይደክመዋል። ዋናውን ፋይል አትንኩት፤ ኮፒ አውጥታችሁ በኮፒው ሥሩ። ባንካችሁ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ከሰጣችሁ እሰየው። ሲኤስቪ ዓምዶቹ በኮማ የሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ እንደ ግኑካሽ ያሉ በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮችም ይቀበሉታል። ኮማዋ ግን ተንኮለኛ ናት። 12,500 የሚለው ቁጥር በጥቅስ ምልክት ካልታቀፈ፣ 12 ብር አንድ ዓምድ ውስጥ ይቀርና 500ዋ ጎረቤት ገብታ ትቀመጣለች። በአማርኛ የጻፋችሁት ማስታወሻ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ከመጣም አትደንግጡ። ስታስገቡ “ዩቲኤፍ-8” የሚለውን ምረጡ፤ ፊደላችሁ ይመለሳል።

ቀን ደግሞ አለላችሁ። 05/06 ሲል ሜይ 6 ነው ወይስ ጁን 5? በአሜሪካ ልማድ የተሠራ ሶፍትዌር ወሩን ያስቀድማል። ከ12 የሚበልጥ ቁጥር ያለበትን መስመር ፈልጉ፤ 25/06 ራሱ ይመሰክራል፣ 25ኛ ወር የለምና። ስቴትመንቱ በፈረንጅ ቀን፣ የቤት ኪራዩ በሐበሻ ወር ሲሆንም ጉድ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. በየወሩ 22 ኪራይ የከፈለ ሰው የኅዳሩን ዲሴምበር 1፣ የታኅሣሡን ዲሴምበር 31 ከፈለ። ሶፍትዌሩ በአንድ ወር ሁለት ኪራይ ያይና “አባከንክ” ይለዋል። ሰውየው ያጠፋው የለም፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር መሐል ስለሚኖር ነው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣላችሁ ሶፍትዌሩ “ገቢ!” ብሎ ይፈነድቃል፤ አትመኑት። “ዕቁብ” የሚል የራሱ ሒሳብ ክፈቱለት። የምትጥሉት ሁሉ ወደዚያ ይግባ፣ ዕጣውም ከዚያ ይውጣ። ዕጣ ቀድሞ ከደረሳችሁ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያ ቁጥር ገና የምትጥሉት ዕዳችሁ ነው። የዕድር መዋጮ ግን ወጪ ነው፤ እንደ ወጪ ይመዝገብ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ስሌት አለች። የመነሻ ሒሳብ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ ከመጨረሻው ሒሳብ ጋር እኩል ይምጣ። አንድ ብር ቢጎድል እንኳ አትለፉት። ከመልእክት እያያችሁ በእጅ የጻፋችሁት ከሆነና ልዩነቱ ለ9 የሚካፈል ከሆነ፣ ምናልባት 54ን 45 ብላችሁ ይሆናል። ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን የሚሰማውን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል።

ፋይሉንም በእጃችሁ አቆዩት። አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆቼ ሚንትን ታስታውሱታላችሁ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከታተልበት መተግበሪያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ተዘጋ። መዝገባቸውን በሲኤስቪ ያወጡ ሰዎች የዓመታት ታሪካቸውን ይዘው ወደ ሌላ ቤት ተሻገሩ። መተግበሪያ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መዝገቡ የእናንተ ነው።

እኔስ ምን አገኘሁ? ካጸዳሁት በኋላ ዓይኔ ያረፈው በትልቁ ወጪ ላይ አልነበረም። በአንድ ወር ውስጥ 26 ጊዜ የገዛሁት የቀን ኢንተርኔት ጥቅል ነበር። “ለዛሬ ብቻ” እያልኩ 26 ጊዜ! የወር ጥቅል ይረክስልኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ተደርድሮ ግን አይቼው አላውቅም። በማግስቱ የወሩን ገዛሁ። የተረፈችው ብር ትንሽ ናት፤ ቢሆንም ያችን ማታ ለአሥር ደቂቃ ካሞኘኝ ሀብት ትበልጥብኛለች፤ እሷ እውነተኛ ናትና።

ዛሬ ማታ፣ እራት ከተነሳ በኋላ፣ ያለፈውን ወር አውርዱት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሩ።