የሚኒባሱ የኋላ በር ለምን ይወርዳል?

ጥያቄ፦ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ ሃይኤስ ሚኒባስ የኋላ በር ወደ ላይ ከተከፈተ በኋላ ቀስ እያለ ጭነት አውራጁ ላይ ይወርዳል። ሞላውን ቤት ውስጥ ማጥበቅ ይቻላል?

መልስ፦ የሚጠብቅ ሞላ የለውም። በሩን የሚሸከሙት ናይትሮጅን የታመቀባቸው ሁለት የጋዝ ሾኮች ናቸው፤ ሲደክሙ ይቀየራሉ። እነሱን መብሳት፣ መበየድ ወይም እሳት ውስጥ መጣል ሰው ሊገድል ይችላል።

አስቀድሞ ግን ሰዓቱ ይታይ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የጋዙ ግፊት 3.5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በደጋው ንጋት ብቻ የሚሰንፍና ቀን ላይ የሚበረታ በር ገና ዕድሜ አለው።

ሲቀየር በሩ በጠንካራ እንጨት ይደገፋል፣ ሌላ ሰውም ይይዘዋል፤ ሾኮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የሾኩን ጫፍ የያዘውን ክሊፕ በቀጭን ካቻቢቴ ላላ ማድረግ ይበቃል። አሮጌው ላይ በኒውተን የተጻፈው ጉልበት ከአዲሱ ጋር አንድ ይሁን፤ «ጠንከር ያለው ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ማጠፊያ ያጣምማሉ። በሩ ሲዘጋ የሾኩ ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ይሁን፤ ውስጡ ያለው ዘይት ማሸጊያውን (ሲሉን) የሚያርሰው ያኔ ነው።