ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት፦ ያረጀ ኦቶማቲክ መኪና እንዴት ይመረመራል?

ከዋጃ ወደ ሰሜን ሲነዱ መንገዱ በጥሙጋ አድርጎ እስከ አላማጣ ድረስ ሜዳ ነው። ከዚያ ግራ ካሱ ይጀምራል። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አላማጣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ኮረም የሚያወጣው ዳገት፣ ያረጀ ኦቶማቲክ ካምቢዮ የደበቀውን ሁሉ የሚናገርበት ቦታ ነው። ሜዳው ላይ ደህና ስትሄድ የነበረች ቪትዝ ጥምዝ ላይ ስትደርስ ሞተሯ ይጮኻል፣ እሷ ግን አትሄድም። ኮፈኑ ይከፈትና ዙሪያውን የቆመው ሰው ይፈርዳል፦ «ካምቢዮው አልቋል።»

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። አጎቴ በዚህ ቃል ደንግጦ ለኮሮላው ሌላ ካምቢዮ ለመግዛት ገንዘብ ሲያሰባስብ ከረመ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው የዘይት ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ያለ ማንጠባጠብ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ስህተት የበለጠ ያስከፍላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳይመረምሩ ካምቢዮውን አያስፈቱ።

መጀመሪያ ዘይቱን

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች ጠብቀው መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ዳገት ላይ መኪናው ሲያዘነብል የቀረችው ዘይት ወደ አንድ ወገን ትሸሻለች። ሜዳ ላይ ያልታየው ችግር ግራ ካሱ ላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ካምቢዮው እስኪሞቅ ከዋጃ ቆቦ ደርሰው ይመለሱ። ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ሞተሩን አያጥፉ። የእግር ፍሬኑን ረግጠው ማንሻውን ከፒ ጀምረው በአር፣ በኤን፣ በዲ፣ በ2 በኩል እስከ ኤል ያውርዱና ወደ ፒ ይመልሱት። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ያውጡ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ከተው እንደገና ያውጡና «ሙቅ» ከሚሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑን ይመልከቱ። ይህ ለቶዮታ ነው፤ ሆንዳ የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ወዲያው ነው። በቆላው ቀትር «ቀዝቃዛ» የሚለውን ምልክት አይመኑት። ከጎደለ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ስለሚሆን ልክ እንደጎደለው ግፊት ያሳጣል።

ቀጥሎ ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ቀይ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራው ተበልቷል፤ ይህ እውነተኛ ሕመም ነው። ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ሮዝ ከሆነ ግን ሞተሩን ያጥፉ፣ አይንዱ፦ ውኃ ገብቶበታል። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በአብዛኞቹ መኪኖች ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው። በእኛ አገር ቆላ ራዲያተር የሚሞላው ባገኙት የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ውኃው ቱቦውን አዝጎ ሲበሳው ዘይትና ውኃ ይቀላቀላሉ። ለራዲያተር የተሠራውን ፈሳሽ በተጣራ ውኃ በጥብጦ መሙላት ከካምቢዮ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ይህን ደጋግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል።

የዘይቱ ዓይነትም ይለያያል። በድሮዎቹ ቶዮታዎች መለኪያ እጀታ ላይ ዴክስሮን ወይም ታይፕ ቲ-4 የሚል ይጻፋል፤ በኋላ የመጡት ደብሊው ኤስ የሚባለውን ይጠይቃሉ፣ ብዙዎቹም መለኪያ ስለሌላቸው ጋራዥ ውስጥ ከሥር ባለ ብሎን ነው የሚለኩት። ሲቪቲ የሚባለው፣ ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱ ጨርሶ ሌላ ነው፤ የተለመደውን ቀይ ዘይት ቢጨምሩበት ያበላሹታል። የቪትዝ ባለቤቶች ይህን ልብ ይበሉ፦ ከ1999 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ኦቶማቲክ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው።

ሰዓት ይያዙ

ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ሁለቱም ፍሬን ተይዞ ከኤን ወደ ዲ ያስገቡ። ማርሹ ሲይዝ መኪናው በትንሹ ይነቀነቃል። ቶዮታ ያስቀመጠው ልክ ለዲ ከ1.2 ሰከንድ በታች፣ ለአር ከ1.5 ሰከንድ በታች ነው። በየመካከሉ አንድ አንድ ደቂቃ እያረፉ ሦስት ጊዜ ይሞክሩና አማካዩን ይያዙ። ሁለቱም ከዘገዩ ጥርጣሬው ዘይቱ፣ ማጣሪያው ወይም ፓምፑ ላይ ነው። ዲ ብቻ ከዘገየ ወደፊት የሚያስኬደው ፍሪሲዮን፣ አር ብቻ ከዘገየ የኋላ ማርሹ ወገን ነው። ፍሬን ረግጦ ቤንዚን እስከ ጥግ የመስጠት ሙከራም አለ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ ግን የደከመን ካምቢዮ ይጨርሰዋል። እኔ አልመክረውም።

ካምቢዮ የሚመስሉ ሌሎች ጥፋቶች

ዲ ወይም አር ሲያስገቡ «ዷ» የሚል ምት ካለ ኮፈኑን ከፍተው አንድ ሰው ከጎን ሆኖ ሞተሩን ይመልከት፤ መኪናው ፊት ማንም አይቁም። ሞተሩ ዘሎ ከተነሳ የተሰበረው የሞተሩ መያዣ ጎማ ነው። በፕራዶ ደግሞ የላላ ክሮቸራ ይህንኑ ድምፅ ያሰማል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዎች ከጋዙ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ገመድ አለ፦ ከላላ ማርሹ ቶሎ እየተቀየረ ይንሸራተታል፣ ከጠበቀ ዘግይቶ በኃይል ይመታል። ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ገመዱ ላይ ያለው ምልክት ከሽፋኑ ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። ማስተካከያው ሁለት ብሎን ነው።

መንገድ ላይ

የራያ ሜዳ ለዚህ ሙከራ የተፈጠረ ይመስለኛል። ከዋጃ ወደ አላማጣ ቀስ ብለው እየጨመሩ ይንዱ፤ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ሲቀየር ይቁጠሩ፣ የትኛው ላይ ሞተሩ ባዶ እንደጮኸ ይጻፉ። 80 ገደማ ላይ ፍጥነቱን ሳይለውጡ ጋዙን በትንሹ ይንኩት፤ የሞተሩ ዙር ወዲያው ከዘለለ ሞተሩንና ካምቢዮውን አጣብቆ የሚያዞረው መቆለፊያ (ሎክአፕ) አልያዘም። የኦቨርድራይቩን ቁልፍ ሲያጠፉ ዙሩ ከፍ ካላለ ደግሞ አራተኛው ማርሽ መጀመሪያውኑ አልገባም ማለት ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒዩተሩ ራሱ እየተናገረ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በሽቦ አገናኝተው፣ ኦቨርድራይቩን አብርተው ቁልፉን ሲያዞሩ መብራቱ ቁጥር ይቆጥራል፦ 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች፣ 62 እና 63 ማርሽ የሚቀይሩት ሶሌኖይዶች፣ 64 የመቆለፊያው ሶሌኖይድ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ሳይወርድ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዳንዴም የተበጠሰ ሽቦ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥፋቱ ካልተገኘ የካምቢዮውን የዘይት ሳህን ያስከፍቱ፤ ሲከፈትም እዚያው ይቁሙ። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ልም ጭቃ የተለመደ ነው። የብረት ስንጥር ወይም ብዙ ጥቁር የሸራ ፍርፋሪ ከታየ «አልቋል» የሚለው ቃል አሁን ተገቢ ሆነ።

መንገድ ላይ ከቆመ ልጆች ገፍተው አያስነሱልዎትም፤ ፓምፑ በሞተሩ ስለሚዞር ሞተሩ ካልሠራ ግፊት የለም። ሲያስጎትቱም ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት መነሳት አለባቸው፤ ለአብዛኞቹ ቪትዞችና ኮሮላዎች የፊቶቹ ናቸው።

ያገለገለ ካምቢዮ ሊገዙ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከወረዱ፣ በመኪናው የስም ሰሌዳ ላይ «ትራንስ/አክስል» ከሚለው ጎን ያለውን ኮድ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ የመኪናው ስም ብቻ አይበቃም። ከመገጠሙ በፊትም የማቀዝቀዣውን ቱቦ በደንብ ያሳጥቡ፤ የቀድሞው ካምቢዮ የተቃጠለ ሸራ ፍርፋሪ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፣ አዲሱንም በመጀመሪያው ዳገት ይደፍነዋል።